የቤታችሁን ርክክብ አድርጋችሁ ታውቃላችሁ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። 22 ዓመት በአንድ ፋብሪካ ንብረት ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ጋዜጣችሁን ድሮ ገዝቶ የሚገባው ባለቤቴ ነበር። አሁን እኔ እየገዛሁ አነብለታለሁ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ ጎረቤቴ ናት። ባለፈው ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ገና ሳይበርድ፣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ወረቀት ተሸክማ በራችን ላይ ቆመች። ባሏን ከቀበረች ገና ሁለተኛ ወሯ ነው። ለወራሽነት ጉዳይ የጋብቻ ምስክር ወረቀት አምጪ ተብላለች። "አቦ፣ አንቺ ወረቀት ታውቂያለሽ፤ እስቲ ፈልጊልኝ" አለችኝ።

ሰሌን አንጥፈን ዘረገፍነው። የውሃ ደረሰኝ በየዓመቱ እየተለየ በላስቲክ ታስሯል። የልጆች የትምህርት ቤት ካርድ አለ። የሠርግ ጥሪ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ዋስትናው ያለፈበት የቴሌቪዥን ወረቀት። በትልቅ ቡናማ ፖስታ ውስጥ ደግሞ የድሮ ራጅ። እስከ መግሪብ ድረስ አንድ በአንድ አየነው። የጋብቻው ወረቀት የለም። እንባዋ መጣ። እኔም የምለው ጠፍቶኝ ራጁን ወደ ፖስታው ልመልስ ስል አልገባ አለኝ። እጄን ሰድጄ ስዳስስ ውስጡ ሌላ ነገር አለ። ሳወጣው እሱ ነው። በሁለት ካርቶን መሀል ተደርጓል። አንድ እጥፋት እንኳ የለውም።

ሟቹ ግድየለሽ ሰው አልነበረም። ወረቀቱ እንዳይታጠፍበት ብሎ፣ ቤት ውስጥ ካለው ፖስታ ሁሉ ትልቁን መርጦ ነው ያስቀመጠው። ከዚህ በላይ ጥንቃቄ ከየት ይመጣል? የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። የት እንዳስቀመጠው ለማንም አልተናገረም።

ይህን ሳይ የራሴ ነገር መጣብኝ።

ባለቤቴ በጅቡቲ መስመር ብዙ ዓመት የነዳ ሰው ነው። በኋላ የራሱን አይሱዙ ገዛ። ከ3 ዓመት በፊት፣ በግንቦት ሙቀት፣ ጠዋት ፊቱን እየታጠበ ሳለ ወደቀ። ስትሮክ ነው። ቀኝ እጁ ሞተ፤ አንደበቱ ተያዘ። ሆስፒታል እንደደረስን ሐኪሟ ጠየቀችኝ። ምን መድኃኒት ይወስዳል? ስንት ሚሊ ግራም? ከመቼ ጀምሮ? ግፊቱ መጨረሻ ሲለካ ስንት ነበር? እኔ የማውቀው "ትንሽ ነጭ ክኒን" የሚለውን ብቻ ነበር። ስንቱ ክኒን ትንሽና ነጭ ነው!

ስልኩ ውስጥ ፎቶ እንዳለው አውቃለሁ፤ የመድኃኒቱን ማዘዣ ሲያነሳው አይቻለሁ። ግን ስልኩ ተቆልፏል። መክፈቻው በጣት የሚሳል መስመር ነው። አልጋው ላይ እያለ ስልኩን አስጠጋሁለት። በግራ እጁ ሞከረ። ጣቱ ተንቀጠቀጠ፤ መስመሩ ተጣመመ። አምስት ጊዜ ሞከረ። ስልኩ "ከ30 ሰከንድ በኋላ ሞክሩ" አለ። ዓይኑን አየሁት። ሁሉንም ያውቃል፤ ማውጣት ግን አልቻለም። ያቺን 30 ሰከንድ እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንድ የማላውቀው ነገር ይወጣ ጀመር። የመኪናው ቦሎ ሊያልፍ 4 ቀን እንደቀረው አላውቅም፤ አለፈ፤ ተቀጣን። መጋላ ሰፈር ውስጥ እቁብ እንዳለው አላውቅም። እቁቡ የደረሰው በዚያው ሰሞን ነበር። ዳኛው፣ አላህ ይስጣቸው፣ ገንዘቡን ራሳቸው ይዘው ቤቴ መጡ። ባይመጡ ማን ይጠይቃቸው ነበር? ለአንድ ሰው ያበደረው እንዳለም ሰው ነው የነገረኝ። የቤቱ ካርታ የት እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

አሁን የሥራዬን ነገር ልንገራችሁ። ስቶር ውስጥ አንድ ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ ሲወጣ ዝም ብሎ ቁልፍ ጥሎ አይሄድም። ርክክብ አለ። እያንዳንዱ መደርደሪያ ላይ ቢን ካርድ ተሰቅሏል። ቀን፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ከወጪ ቀሪ ይላል። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 የሚባል ቅጽ ይቆረጣል፤ ሲወጣ ሞዴል 22። አስረካቢና ተረካቢ ካርዱን ይዘው ዕቃውን ይቆጥራሉ፤ ታዛቢ ይቆማል፤ ሦስቱም ይፈርማሉ። እኔ ነገ ብሞት ተተኪዬ ብሎኑ የት መደርደሪያ እንዳለ ካርዱን አይቶ ያገኘዋል። ካርዱ የሚጻፈው እኮ ለእኔ አይደለም። እኔማ አውቀዋለሁ። እኔ በሌለሁ ቀን ለሚገባው ሰው ነው።

22 ዓመት ሙሉ የፋብሪካ ብሎን ቆጥሬ ሳስረክብ፣ የራሴን ቤት ተረክቤ አላውቅም ነበር። ባለቤቴም አስረክቦኝ አያውቅም። ጠብ ኖሮን አይደለም። "እሱ ያውቀዋል" ብዬ፣ "እሷ ትጨነቃለች" ብሎ ነው። ስንቱ ቤት እንዲህ እንደሆነ ከዚያ ወዲህ ሳይ ኖሬአለሁ። አባት የባንኩን ያውቃል፤ እናት የልጆቹን ክትባት ታውቃለች፤ ትልቁ ልጅ ስልኩን ያውቃል። አንዱ ሲጎድል ሲሶው ቤት ይጨልማል።

ስለዚህ ባለቤቴ ትንሽ እንዳገገመ አንድ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ገዛሁ። አሠራሩን የምጽፈው ለሚፈልግ ሰው እንዲጠቅም ነው።

መጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው የሰው ስም ነው። የእያንዳንዳችን ስም እስከ አያት፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛ ፊደልም፣ መታወቂያው ላይ እንዳለው ቁልጭ ብሎ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። አይደለም። የትልቋ ልጄ ስም ባንክ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ ዲግሪዋ ላይ በሌላ ተጽፎ ስንት ቀን ተመላለሰች! የአንድ ፊደል ልዩነት ነው። አሁን ቅጽ የሚሞላ ሁሉ ከደብተሩ ይገለብጣል፤ ከራሱ አይጽፍም። ከስሙ ሥር የልደት ቀን በእኛም በፈረንጅም አለ። የደም ዓይነት፣ የሆስፒታል ካርድ ቁጥር፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የጤና መድኑ የሚታደስበት ቀን ይከተላል።

ቀጥሎ መድኃኒት ነው። እዚህ ላይ ብልሃት አለኝ። የመድኃኒቱን ስም በእጄ አልጽፍም፤ እሳሳታለሁ። የካርቶኑን ክዳን በመቀስ ቆርጬ እለጥፈዋለሁ። "አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም" የሚለው እንዳለ ከነህትመቱ ደብተሩ ላይ አለ። አጠገቡ ማን እንዳዘዘው፣ መቼ እንደተጀመረ፣ ስንት ሰዓት እንደሚወሰድ እጽፋለሁ። ሐኪም መድኃኒቱን ሲቀይር የድሮውን አልቀድም፤ በአንድ መስመር ሰርዤ የቆመበትን ቀን አስቀምጣለሁ። ስቶር ውስጥ ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም፤ የተሰረዘው መነበብ አለበት። ሐኪሞቹ ይህን ገጽ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። አንዱማ ደብተሩን ተቀብሎኝ ቁጭ ብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

የሚስጥር ቁጥር ግን ደብተሩ ላይ የለም። የባንክም የቴሌብርም አይጻፍም። ደብተር ሰው እጅ ይገባል። ለስልኩ ሌላ መላ አገኘንለት። የእኔን አሻራ በእሱ ስልክ፣ የእሱን የግራ እጅ አሻራ በእኔ ስልክ ላይ አስመዘገብን። ደግሞ ልጄ እንዳሳየኝ፣ ብዙዎቹ ስልኮች ላይ ሳይከፈቱ የሚነበብ የድንገተኛ ጊዜ መረጃ የሚሞላበት ቦታ አለ። የደም ዓይነት፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የሚደወልለት ሰው ስልክ እዚያ ይገባል። የሰውየው ስልክ ቢቆለፍም ማንም ሰው ከፊቱ ላይ ያየዋል። ያን ግንቦት ይህን ባውቅ ኖሮ!

ወረቀቶቹን በተመለከተ መጀመሪያ የከፈልኳቸው በዓይነታቸው ነበር። የልደት አንድ ላይ፣ የትምህርት አንድ ላይ፣ ደረሰኝ አንድ ላይ። አልሠራልኝም። አንድ ጉዳይ ለማስፈጸም ከሁሉም ክላሰር መልቀም ሆነ። ከዚያ ነገሩን ገለበጥኩት። ወረቀት በዓይነቱ ሳይሆን በሚጠየቅበት መስኮት ይቀመጥ አልኩ። አሁን ሦስት ክላሰር አለኝ። አንዱ የሐኪም ቤት፣ አንዱ የቀበሌና የፍርድ ቤት፣ አንዱ የባንክ፣ የቤትና የመኪና ነው። የመታወቂያ ኮፒ ሦስቱም ውስጥ አለ፤ ጉርድ ፎቶም ሦስቱም ውስጥ አለ። ሌሊትም ቢሆን "ሐኪም ቤት" የሚለውን ብድግ አድርጎ መሮጥ ነው። መክፈት አያስፈልግም።

ክላሰሮቹ ውስጥ ያለው ኮፒ ነው። ኦርጅናሉ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ተጠቅልሎ ቁምሳጥኑ አናት ላይ። ለምን አናት ላይ እንደሆነ የድሬ ሰው አይጠይቀኝም። በፊት የምንኖረው ደቻቱ አጠገብ ነበር። ደቻቱን የማታውቁ፣ ድሬን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው፤ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገረዋል፣ ዕቃ ይሸጥበታል። በ1998 ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ግን ከላይ ከሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ በሌሊት ጎርፍ ሆኖ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እኛ ነፍሳችን ተረፈ፤ ስለዚህ ስለ ወረቀት ማልቀስ ያሳፍራል። ግን አልጋ ሥር በቆርቆሮ ሳጥን ያስቀመጥኩት የትምህርት ማስረጃዬ፣ የልጆቼ የልደት ካርድ፣ የእናቴ አንድ ለእናቱ ፎቶ፣ ሁሉም ጭቃ ሆኖ ነው የወጣው። የትምህርት ማስረጃዬን ለመተካት የተንከራተትኩትን እኔ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ከጉልበት በታች ወረቀት አይቀመጥም።

አሁን ደግሞ ሞዴል 22ን ወደ ቤት አመጣሁት። ታናሿ ልጄ ለሥራ ማመልከቻ ዲግሪዋን ኮፒ ልታስደርግ ከዚራ ወሰደችው። ኮፒውን በፌስታል ይዛ ተመለሰች። ኦርጅናሉ የለም። ማሽኑ መስታወት ላይ፣ ክዳኑ ሥር ቀርቷል። ይህ ያልደረሰበት ሰው ይኖራል? በማግስቱ ስንሄድ ባለ ኮፒው ልጅ አንስቶ አስቀምጦልን ነበር፤ ተመስገን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የደብተሩ የመጨረሻ ገጾች የወጪ መመዝገቢያ ሆኑ። ቀን፣ ምን ወጣ፣ ማን ወሰደ፣ ለየት፣ መቼ ተመለሰ። ኦርጅናል የሚወስድ ሰው ይፈርማል። ልጆቼ መጀመሪያ "እማዬ፣ ቤት እኮ ነው!" አሉ። አሁን ግን ልጅቷ ራሷ ከበር ሳትገባ "ገቢ አድርጊልኝ" ትለኛለች። መፈረሟ ነው የሚያስታውሳት። ፊርማ ያለበት ነገር ከእጅ ላይ በቀላሉ አይረሳም።

ቀጠሮን ከወረቀት ለይቼ የምነግራችሁ ብዙ ያስቸገረኝ እሱ ስለሆነ ነው።

በ2018 መስከረም ባለቤቴ የክትትል ቀጠሮ ተሰጠው። ትንሽ ወረቀት ላይ "12/2" ተብሎ ተጻፈ። ሌላ ምንም የለም። ልጄ ስልኩ ላይ መዘገበው። የልጄ ስልክ ወሩን የሚያስቀድም ነው፤ 12/2 ለእሱ ዲሴምበር 2 ነው። በዲሴምበር 2፣ በእኛ ኅዳር 23፣ ባጃጅ ተኮናትረን ሄድን። "ያለፈ ቀጠሮ ነው፤ እንደገና ወረፋ ያዙ" ተባልን። ለካ ጥቅምት 12 ነበር። ሌላ ሰው ቢያየው ደግሞ ፌብሩዋሪ 12 ብሎ ያነበዋል። አንድ ወረቀት፣ ሦስት ቀን። በመሀል መድኃኒቱ አልቆ ስንት ቀን ያለ መድኃኒት እንደሰነበተ ሳስበው ያመኛል። የጻፈችው ልጅ ወረፋ ተደርድሮባት ነው፤ እሷን አልወቅሳትም።

ቤት ተመልሼ የቀን መቁጠሪያውን ይዤ ቁጭ አልኩ። ጥቅምት 12 ረቡዕ ነበር። ዲሴምበር 2 ማክሰኞ ነው። ፌብሩዋሪ 12 ሐሙስ ነው። ሦስቱም የተለያየ ዕለት ነው! ወረቀቱ ላይ "ረቡዕ" የምትል አንዲት ቃል ብትኖር ልጄ ስልኩ ላይ ሲጽፍ "እማዬ፣ ይሄ ማክሰኞ ነው የሚለው፤ ልክ አይደለም" ይለኝ ነበር። በእኛም ቁጠሩ፣ በፈረንጅም ቁጠሩ፣ በሂጅራም ቁጠሩ፣ ረቡዕ ረቡዕ ነው። ሦስቱ አቆጣጠሮች የሚስማሙበት ዕለቱ ላይ ነው።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል የምለምነው ይህን ነው። ቀጠሮ የምትጽፉ ሁሉ፣ ሐኪም ቤትም ቀበሌም ፍርድ ቤትም ጋራዥም፣ ከቀኑ አጠገብ ዕለቱን ጻፉልን። ወሩንም በቁጥር ሳይሆን በስሙ። "ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፣ ጠዋት 3 ሰዓት"። አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ገንዘብ አይጠይቅም።

ሰዓቱም ሌላ ጣጣ ነው። "ጠዋት 3 ሰዓት" የተባለውን ብዙ ሰው ስልኩ ላይ 3:00 ብሎ ይሞላዋል። ስልኩ ደግሞ በፈረንጅ ነው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይጮህና ቤቱን ሁሉ ያስነሳል። ጠዋት ደግሞ ዝም ይላል። እኔ ለራሴ የያዝኩት ሕግ አጭር ነው፤ ወደ ስልክ ሲገባ 6 ጨምር። ጠዋት 3 ስልኩ ላይ 9 ነው። ማታ 2 ስልኩ ላይ 8 ነው፤ የማታውን ምልክት ማየት ግን አትርሱ። ለባለቤቴ መድኃኒት ጠዋት 1 እና ማታ 1 መርጫለሁ። ስልኩ ላይ ሁለቱም 7 ናቸው። በየ12 ሰዓቱ ለሚወሰድ ነገር እንዲህ ዓይነት ሰዓት መያዝ ስህተት ይቀንሳል።

ስልክም መቁጠሪያም በሌለበት የምጠቀምባት አንዲት የስቶር ሒሳብ አለች። የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ነው፤ አራት ሳምንትና ሁለት ቀን። ስለዚህ የወር መጀመሪያው በየወሩ ሁለት ዕለት ወደፊት ይሄዳል። በ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ነበር፤ ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ሰኞ፣ ታኅሣሥ 1 ረቡዕ እያለ ይቀጥላል። የወሩን መጀመሪያ ካወቃችሁ 8፣ 15፣ 22 እና 29 በዚያው ዕለት ይውላሉ። ዳሩ ጳጉሜን ላይ ስትደርሱ አምስት ወይም ስድስት መሆኗን አስቡ።

በእኛ ከተማ ሦስተኛ አቆጣጠር አለ። ጎረቤቶቼ ግማሹ ሙስሊም ናቸው። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደኋላ ይመጣል። ይህ የቀጠሮም የመድኃኒትም ጉዳይ ነው። ስኳር ያለባት ጎረቤቴ ከጾሙ አንድ ወር አስቀድማ ሐኪሟን ታማክራለች፤ መጾሙንም የመድኃኒቱንም ሰዓት ከእሱ ጋር ትወስናለች። ቀኑን ግድግዳዋ ላይ ቀድማ ነው የምትጽፈው። እኔ በበኩሌ የታኅሣሥን 19 እከልላለሁ። የቁልቢ ሰሞን ከአዲስ አበባ እንግዳ ይመጣብኛል፤ መንገዱም መኪናውም ይጨናነቃል። በዚያ ሳምንት የሐኪም ቀጠሮ ቢሰጠኝ "ይቅርታ፣ አንድ ሳምንት ይግፉልኝ" እላለሁ።

ስለ ስልክ ቁጥሮች ደግሞ ትንሽ ልበል። ባለቤቴ ስልክ ውስጥ የሚያውቃቸው ሰዎች በስማቸው ብቻ ተሞልተዋል። አህመድ የሚባል ብቻ ሰባት አለ። የቱ መካኒክ፣ የቱ የእቁብ፣ የቱ የጅቡቲ እንደሆነ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። አንድ ምሽት አብረን ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ጠራሁለት፤ እሱ ራሱን እየነቀነቀ ነገረኝ። አሁን ሥራው ይቀድማል፦ መካኒክ አህመድ፣ ቧንቧ ሳቢያን፣ ባጃጅ የጠዋት። ፊደሉንም አንድ አደረግን። "ሐኪም" ብሎ የሞላውን "ሀኪም" ብዬ ስፈልግ ስልኩ የለም ይለኛል። ሰው ድምፁን ይሰማል፤ ስልክ ግን የሚያየው ፊደሉን ነው። ለስልክ ብቻ ስንጽፍ ሁልጊዜ ሀሌታው ሀ፣ እሳቱ ሰ፣ አልፋው አ ብለን ተስማማን። ደብዳቤ ላይ በትክክሉ እንጽፋለን፤ ስልክ ላይ ግን የሚገኘው ይሻላል። አስር ዋና ዋናዎቹን ደግሞ ደብተሩ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኳቸው። መብራት ሲጠፋና ባትሪ ሲያልቅ ደብተር አይጠፋም።

የቀን ሥራዬን የምከፍለው በሁለት ነገር ነው፤ በፀሐይና በወንዝ። ድሬ ላይ ከ6 ሰዓት በኋላ ጉዳይ ይዞ መሮጥ ራስን መበደል ነው። ሱቁም ይዘጋል፤ ሰውም ጥላ ይፈልጋል። የመስኮት ጉዳይ ያለው ሁሉ ከማለዳ እስከ 5 ሰዓት ያልቃል። ከ10 ሰዓት በኋላ ቀዝቀዝ ሲል ገበያና ጥየቃ ነው። መሀሉ ላይ ደብተሩን አወጣለሁ፤ ደረሰኝ እለጥፋለሁ፤ ስልክ እደውላለሁ። ወንዙ ደግሞ እንዲህ ነው። እኔ ያለሁት በከዚራ ወገን ነው። የቀፊራ ገበያ ያለው ከወንዙ ማዶ፣ በመጋላ ነው። ዝርዝሬን መሀል ላይ አሰምርና በአንድ በኩል "ወዲህ"፣ በሌላው "ወዲያ" እላለሁ። ወዲያ የሚለው አራት ነገር እስኪሞላ ድልድዩን አልሻገርም። በአንድ የባጃጅ ሒሳብ በርበሬውንም፣ የልብስ ሰፊውንም፣ የእቁቡንም፣ የታመመች ወዳጄንም አዳርሼ እመለሳለሁ። ቀድሞ በሳምንት አምስት ጊዜ እሻገር ነበር። አሁን ሁለት ጊዜ በቂ ነው።

ለጋዜጣችሁም ሁለት ጥያቄ አለኝ። የመጀመሪያው፣ የፊት ገጻችሁ ላይ የእኛን፣ የፈረንጁንና የሂጅራውን ቀን ከነዕለቱ ጎን ለጎን ብታትሙልን። ብዙ ቤት ጋዜጣው ካነበቡት በኋላ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሥራ ይሠራል። ሁለተኛው፣ ለጳጉሜን በምታወጡት እትም አንድ ገጽ ባዶ ቅጽ ብታትሙ። ስም፣ የደም ዓይነት፣ መድኃኒት፣ ካርታው የት እንዳለ፣ እድሩ የማን እንደሆነ፣ እቁብ፣ ብድር፣ የሚያልፍ ቀን ያለው ነገር ሁሉ። ሰው ቆርጦ ይሞላዋል። ፋብሪካ ቆጠራውን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ ለቤት ግን ጳጉሜን ትመቻለች። ቤተሰብ ተሰብስቦ በዓሉን የሚጠብቅበት ቀን ነው።

እኛ ካለፈው ጳጉሜን ጀምሮ እንዲህ እናደርጋለን። ባለቤቴ አሁን ቀስ እያለ ይናገራል። እሱ እየተናገረ እኔ ጻፍኩ፤ ያልተመለሰ ብድር፣ የአይሱዙው ሊብሬ፣ የእናቱ መቃብር ያለበት ቦታ፣ አዋሽ ላይ ጎማ በዱቤ የሰጠው ሰው። አንዳንዱን ነገር ከ30 ዓመት ትዳር በኋላ ገና መስማቴ ነው። እኔም የእኔን ነገርኩት። ሲያልቅ ደብተሩን ገልብጬ አስረካቢ፣ ተረካቢ፣ ታዛቢ ብዬ ሦስት መስመር አሰመርኩ። ታናሿ ልጄ በታዛቢነት ፈረመች። እሱ እስክሪብቶውን በግራ እጁ ያዘ። ጊዜ ወሰደበት። ፊርማው የድሮው አይደለም፤ ግን ስሙ ይነበባል።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ የንብረት ሠራተኛ፣
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ